በብርጭቆ ላይ የተለጠፈ ናፕኪን ለምን ተላጠ? የስምንት ዕቃዎች የጉዳይ ጥናት

ስምንቱን የብርጭቆ ዕቃዎች ለአክስቴ የሰጠኋቸው ሥራውን በጨረስኩ በሁለተኛው ቀን ነበር። አራቱ ከላይ እስከ ታች እኩል ስፋት ያላቸው የአበባ ማስቀመጫዎች፣ ሦስቱ ከአፋቸው ሰፍተው ወደ ግርጌያቸው እየጠበቡ የሚሄዱ የመጠጫ ብርጭቆዎች፣ አንዱ ደግሞ የጎን ለጎን ስፋቱ 25 ሴንቲሜትር የሆነ ዝርግ ሳህን ሲሆን፣ ሁሉም ጌጥ ያልነበራቸው፣ ጥርት ያሉ ዕቃዎች ነበሩ። ያስጌጥኳቸው በዲኮፓዥ፣ ማለትም ሥዕል የታተመበትን የወረቀት ናፕኪን ቆርጦ በኮላ በመለጠፍና በላዩ ላይ ቫርኒሽ በመቀባት ነው። አምስት ሳምንት ያህል እንዳለፈ አክስቴ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ አበቦቹ እየተላጡ ነው። በደንብ ሳልይዛቸው ቀርቼ ያበላሸኋቸው መሰለኝ» አሉኝ፤ በድምፃቸው ውስጥ የነበረው ሐፍረት እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። አክስቴ ያጠቡትን ብርጭቆ አንድ በአንድ በፎጣ አድርቀው የሚደረድሩ፣ ለዕቃ የሚሳሱ ሰው ናቸው። ስለዚህ የተላጠው በአያያዝ ጉድለት ነው ወይስ ከመነሻው በእኔ አሠራር ስህተት የሚለውን ሳልለይ መቅረት አልፈለግሁም፤ ስምንቱንም ዕቃዎች መልሰው እንዲልኩልኝ ለመንኳቸው።

የመጀመሪያው አሠራር

የተጠቀምኩበት ናፕኪን 33 በ33 ሴንቲሜትር የሆነ፣ በነጭ መደብ ላይ ትልልቅ ቀያይ አበቦችና አረንጓዴ ቅጠሎች የታተሙበት ባለ ሦስት ድርብ ነበር። በእንዲህ ዓይነት ናፕኪን ላይ ሥዕሉ ያለው በላይኛው ድርብ ብቻ ስለሆነ፣ የታችኞቹን ሁለት ነጫጭ ድርቦች ከጥጉ ጀምሮ በጥፍር አላቅቄ ለየሁ። ፒቪኤ የሚባለውን ነጭ ኮላ በእኩል መጠን በውሃ አቀጠንኩት፤ ብርጭቆዎቹን በሳሙና አጥቤ በጨርቅ አደረቅኋቸው፤ የተቆረጠውን አበባ በቦታው አስቀምጬ ኮላውን ከላይ በብሩሽ ቀባሁት፤ በማግስቱም ውሃ ቀመስ ቫርኒሽ ሁለት ጊዜ ደረብኩበት። ሥራው ሁሉ ሦስት ቀን አልፈጀም።

ሳህኑ ብቻ ከሌሎቹ ተለይቶ ነበር የተሠራው። መጀመሪያ እጄን ላፍታታበት ስል ከሌሎቹ ሦስት ሳምንት ቀድሜ የሠራሁት ከመሆኑም በላይ፣ ከጀርባው ተለጥፎበት የነበረው ምልክት ሲነሣ የሚያጣብቅ ቅሪት ስለተወ ጀርባውን በሙሉ በአልኮል ጠርጌው ነበር። አበቦቹንም በፊቱ ሳይሆን በጀርባው በኩል፣ ሥዕሉ ወደ ብርጭቆው ፊቱን አዙሮ በብርጭቆው ውስጥ እንዲታይ አድርጌ ነበር የለጠፍኳቸው። ይህ ልዩነት ኋላ ላይ ፍንጭ የሚሰጠኝ መሆኑን ያን ጊዜ አላሰብኩትም።

የተበላሸው ምን ነበር

ዕቃዎቹ ተመልሰው ሲመጡ ጉዳታቸው አንድ ዓይነት አልነበረም። ከአራቱ ማስቀመጫዎች ሦስቱ ከግርጌያቸው በኩል ተነሥተው ነበር፤ አራተኛው አልተነሣም፤ ነገር ግን ወተት የፈሰሰበት የሚመስል ነጭ ደመና በአበቦቹ ዙሪያ አጥልቶበታል። ሦስቱ የመጠጫ ብርጭቆዎች ገና ከጅምሩ የተሸበሸቡ ነበሩ፤ አሁን ደግሞ በየሽብሽቡ ጫፍ ተላቀዋል። ሳህኑ ደህና ነበር።

ከአንዱ ማስቀመጫ ግርጌ የተነሣውን ጫፍ በወረንጦ ይዤ ቀስ ብዬ ሳብኩት። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ አንድ ወጥ ሆኖ፣ ወረቀቱም ኮላውም ቫርኒሹም ሳይለያዩ አብረው ተገፈፉ። የተገፈፈውን ገልብጬ ሳየው ጀርባው እንደ ብርጭቆው ራሱ ልሙጥና አብረቅራቂ ነበር፤ በብርጭቆው ላይም ተጣብቆ የቀረ አንድ የወረቀት ክር አልተገኘም። ይህ ብቻውን ብዙ ነገር ይናገራል። ወረቀቱ ደካማ ቢሆን ኖሮ ከመካከሉ ተሰንጥቆ እኩሌታው በብርጭቆው ላይ በቀረ ነበር፤ የአክስቴ ስፖንጅ ፍቆት ቢሆን ኖሮም ጉዳቱ የሚጀምረው ከላይኛው ቫርኒሽ በሆነ ነበር። የተለያየው ኮላውና ብርጭቆው በተገናኙበት መስመር ላይ ነው። ወደ ባዶው ቦታ አፌን አስጠግቼ ተነፈስኩበት፤ ጭጋጉ ባረፈበት ቦታ የአውራ ጣት አሻራ፣ መስመሮቹ እስኪቆጠሩ ድረስ፣ ብቅ አለ። አሻራው የእኔ ነበር፤ አበባውን ስለጥፍ ማስቀመጫውን ደግፌ የያዝኩበት ቦታ ነው።

ከዚህ በኋላ ነገሩን እንደ አዲስ ማሰብ ጀመርኩ። በእንጨት ወይም በካርቶን ላይ ሲሠራ ኮላው ወደ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ሰርጎ ይገባና ሲደርቅ እንደ ሥር ይይዛል። ብርጭቆ ግን ምንም ቀዳዳ የለውም። ኮላው የሚይዘው በገጽታው ላይ ብቻ ነው፤ ለመያዝም ከብርጭቆው ጋር ያለ አንዳች ጣልቃ ገብ መነካካት አለበት። ስለዚህ በብርጭቆ ዲኮፓዥ ወረቀቱ ብርጭቆውን አይዘውም፤ ብርጭቆውን የሚይዘው የኮላው ልባስ ነው፤ ወረቀቱ በዚያ ልባስ ውስጥ የተቀበረ እንግዳ ነው። ይህን ካልተቀበልን የናፕኪኑን ጥራት፣ የብሩሹን ዓይነት፣ የእጃችንን ቅልጥፍና ስንወቅስ እንኖራለን፤ እኔም የመጀመሪያዎቹን ቀናት ያሳለፍኩት በዚሁ ነበር።

አራት ጠርሙሶች

ሳህኑ በጀርባው በኩል ከመለጠፉ ሌላ ከሌሎቹ በሁለት ነገር ይለያል ብያለሁ፦ በአልኮል ተጠርጓል፤ ለመድረቅም ረዘም ያለ ጊዜ አግኝቷል። ከሁለቱ የትኛው እንዳዳነው በማየት ብቻ መለየት አይቻልም። ስለዚህ ሰፊ አፍ ያላቸው አራት ተመሳሳይ ባዶ ጠርሙሶች አዘጋጀሁ። ሁለቱን በሳሙና ብቻ አጠብኳቸው፤ ሁለቱን ደግሞ በሳሙና ካጠብኩ በኋላ በአልኮል ጠርጌ፣ ከዚያ በኋላ በጓንት ብቻ ያዝኳቸው። በአራቱም ላይ ከዚያው ናፕኪን የተቆረጠ ተመሳሳይ አበባ በዚያው ኮላና በዚያው ቫርኒሽ ለጠፍኩ። ከየጥንዱ አንዱን ከሁለት ቀን በኋላ፣ ሌላውን ከ28 ቀን በኋላ ለብ ባለ የሳሙና ውሃ ውስጥ አሥር አሥር ደቂቃ ዘፍዝፌ በስፖንጅ አሸሁት። 28 ቀን የመረጥኩት ለብርጭቆ የሚዘጋጁ ብዙ የዲኮፓዥ ማጣበቂያዎች ሙሉ ጥንካሬ ለማግኘት አራት ሳምንት ያህል ይፈልጋሉ ስለሚባልና፣ በእጅ ሲነካ የደረቀ መምሰልና ውስጡ ድረስ መድረቅ የተለያዩ ነገሮች ስለሆኑ ነው።

በሳሙና ብቻ ታጥቦ ሁለት ቀን የቆየው ገና ከውሃው ሳይወጣ ጫፉ ተነሣ። በአልኮል ተጠርጎ ሁለት ቀን የቆየው አልተነሣም፤ ነገር ግን እንደ አራተኛው ማስቀመጫ ነጭ ደመና አጠላበት፤ በጥፍር ሲጫኑትም ይጎደጉዳል። በማግስቱ ሲደርቅ ደመናው አብዛኛው ጠፋ። ከአራት ሳምንት በኋላ በሳሙና ብቻ የታጠበው አልነጣም፤ ሆኖም በአንድ በኩል፣ በጣት በያዝኩት ቦታ፣ ጫፉ ተላቀቀ። በአልኮል ተጠርጎ አራት ሳምንት የቆየው ምንም አልሆነም።

አራት ጠርሙስ ብዙ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ውጤቱ ግን ሁለቱን ጉዳቶች ለየብቻ አሳየኝ። መላጡን የሚወስነው የብርጭቆው ንጽሕና ነው፤ መንጣቱን የሚወስነው የመድረቂያው ጊዜ ነው። ነጩ ደመና ያልወጣ ወይም ዳግም የገባ ውሃ ነው፤ በልባሱ ውስጥ ተበታትኖ ብርሃኑን ይበትነዋል። እኔ ደግሞ ማስቀመጫዎቹን የሰጠሁት በሁለተኛው ቀን ነበር፤ ያውም አየሩ እርጥብ በሆነበት ሰሞን።

የብርጭቆን ንጽሕና ለማረጋገጥ ከዚያ ወዲህ የማደርገው ቀላል ነገር አለ። በታጠበው ብርጭቆ ላይ ንጹሕ ውሃ አፈስበታለሁ። ንጹሕ ከሆነ ውሃው እንደ ስስ መጋረጃ ተዘርግቶ ሳይቆራረጥ ይወርዳል፤ ቅባት ካለበት ግን ከዚያ ቦታ ሸሽቶ ነጠብጣብ ይሆናል። የእጅ ቅባት በዓይን አይታይም፤ ውሃ ግን ያየዋል።

ውሃው በየት ገባ

ቀሪው ጥያቄ መላጡ ለምን ሁልጊዜ ከግርጌና ከጫፍ እንደሚጀምር ነበር። የተገፈፈውን ልባስ በአጉሊ መነጽር ስመለከት፣ በመቀስ የተቆረጠው የአበባው ጠርዝ ከኮላውና ከቫርኒሹ ጠርዝ ጋር እኩል ሆኖ አገኘሁት፤ እንዲያውም በአንዳንድ ቦታ የወረቀቱ ክሮች ከቫርኒሹ ወጥተው ራቁታቸውን ይታያሉ። ናፕኪን ውሃ እንዲመጥ ተብሎ የተሠራ ወረቀት ነው። ራቁቱን የቀረ አንድ ጠርዝ እንደ ኩራዝ ክር ውሃውን እየሳበ ወደ ልባሱ መካከል ያስገባዋል፤ ከላይ ስንት ጊዜ ቫርኒሽ ቢደረብ አያግደውም። ፒቪኤ ኮላ ደግሞ ከደረቀም በኋላ ውሃ ሲያገኝ ይለሰልሳል፤ ከ30 ዲግሪ ሴልሺየስ ብዙም በማይርቅ ሙቀትም መላላት ይጀምራል። ማስቀመጫዎቹ በየሳምንቱ ውሃቸው ሲለወጥ በውጭ በኩል የሚንጠባጠበው ውሃ የሚጠራቀመው ግርጌያቸው ላይ ነው። አክስቴ ያደረጉት ነገር አልነበረም፤ የአበባ ማስቀመጫ ሥራውን መሥራቱ ነው።

ስለዚህ የወረቀቱ ጠርዝ የልባሱ ጠርዝ መሆን የለበትም። ኮላውና ቫርኒሹ ከወረቀቱ አልፈው ቢያንስ ሦስት ሚሊሜትር ያህል በባዶው ብርጭቆ ላይ መውጣትና ወረቀቱን በዙሪያው ማተም አለባቸው። በዚህ ጉዳይ ከተማርኩት ሁሉ ይበልጥ የሚጠቅመኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ንጽሕናውንና ጊዜውን ብዙ ሰው ይነግረናል፤ የጠርዙን ነገር ግን ካልተላጠ ማንም አያየውም።

ሽብሽቡና የጠፋው ነጭ

የሦስቱ መጠጫ ብርጭቆዎች ሽብሽብ ሁለት ምክንያት ነበረው። አንደኛው የቅርጽ ነው። የአፋቸው ስፋት 8 ሴንቲሜትር፣ የግርጌያቸው 6 ሴንቲሜትር ነው፤ ስለዚህ ዙሪያቸው ከላይ 25 ሴንቲሜትር፣ ከታች ደግሞ ወደ 19 ሴንቲሜትር ይሆናል። እኔ ቀጥ ያለ የአበባ ረድፍ ቆርጬ ዙሪያውን ስጠመጥምበት፣ ከታች የተረፈው 6 ሴንቲሜትር ያህል ወረቀት መሄጃ ስላጣ ተሸበሸበ። እንዲህ ያለ ብርጭቆ የሚፈልገው ቀጥ ያለ ሳይሆን እንደ ቀስት የታጠፈ ቁራጭ ነው፤ ይህንንም በቀላሉ ለማግኘት ተራ ወረቀት በብርጭቆው ላይ ጠቅልሎ የላይኛውንና የታችኛውን ጠርዝ በእርሳስ ማስመርና ቆርጦ መዘርጋት ይበቃል። ከዚህም የሚሻለው አበቦቹን ነጣጥሎ አንድ በአንድ መለጠፍ ነው፤ ስፋቱ ከአምስት ሴንቲሜትር የማይበልጥ ቁራጭ በእንዲህ ዓይነቱ ገጽ ላይ ሳያስቸግር ይተኛል።

ሁለተኛው ምክንያት በወረቀቱ ተፈጥሮ ውስጥ ነው። ለናፕኪንና ለሶፍት የሚሆን ወረቀት ሲመረት ከሚሽከረከር የጋለ ሲሊንደር ላይ በስለት እየተፋቀ ስለሚነሣ፣ በዓይን በማይለዩ ጥቃቅን እጥፋቶች የተሞላ ነው፤ ልስላሴውም የሚመጣው ከዚያ ነው። ውሃ ሲነካው እጥፋቶቹ ይፈታሉ፤ ክሮቹም ያብጣሉ፤ ወረቀቱ ይሰፋል። እኔ ደረቁን አበባ በብርጭቆው ላይ አስቀምጬ እርጥብ ኮላ ስቀባበት፣ ከተያዘ በኋላ እንዲሰፋ ነው ያስገደድኩት። መፍትሔው ከመለጠፉ በፊት እንዲሰፋ ማድረግ ነው። አበባውን በንጹሕ ላስቲክ ላይ፣ ሥዕሉን ወደ ላስቲኩ አዙሬ አስቀምጥና ጥቂት ውሃ አፈስበታለሁ፤ በውሃው ላይ ተንሳፍፎ ሽብሽቡ በራሱ ይከፈታል። ከዚያ ውሃውን አንጠፍጥፌ ላስቲኩን ከነአበባው ኮላ በተቀባው ብርጭቆ ላይ እለጥፈዋለሁ፤ በጣቴ ከመካከል ወደ ዳር ገፋ ገፋ አድርጌ አየሩን ካስወጣሁ በኋላ ላስቲኩን ብቻ ቀስ ብዬ እገፈዋለሁ። አንዳንድ ቀይ ቀለሞች ውሃ ሲያገኙ ስለሚፈስሱ፣ አስቀድሞ ከጥግ በተቆረጠ ትንሽ ቁራጭ መሞከር ግድ ነው።

ሌላው ቅሬታዬ የቀለሙ ነበር፤ በናፕኪኑ ላይ የደመቀው አበባ በብርጭቆው ላይ ደብዝዞ፣ ነጩ መደብም ጠፍቶ ነበር። ወረቀት ነጭ የሚመስለው በክሮቹ መካከል ያለው አየር ብርሃኑን ስለሚበትነው ነው። ብርሃንን የማጠፍ አቅሙ በአየር 1፣ በወረቀቱ ክሮች ከ1.5 በላይ፣ በደረቀ ኮላ ደግሞ 1.47 አካባቢ ነው፤ ኮላው አየሩን አስወጥቶ ቦታውን ሲይዝ በክርና በኮላ መካከል ያለው ልዩነት እጅግ ይጠብና ብርሃኑ ሳይበተን ያልፋል። ነጩን መመለስ የሚቻለው ከአበባው በስተጀርባ ነጭ አክሪሊክ ቀለም በማስቀመጥ ነው። ሆኖም ሁልጊዜ መመለስ ያስፈልጋል ብዬ አላምንም። አንዱን ማስቀመጫ ወደ መስኮቱ ብርሃን ሳነሣው ቀዩ አበባ ከውስጡ እንደበራ ሆኖ ታየኝ፤ ይህን ነጭ ቀለም ቢጋርደው እጅግ ባዘንኩ ነበር።

ሳህኑ የተሠራበት፣ ሥዕሉን ከብርጭቆው ጀርባ የመለጠፍ አሠራር አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ በአውሮፓ ፖቲሾማኒያ የሚባል የእጅ ሥራ ተስፋፍቶ ነበር፤ የተቆረጡ ሥዕሎች ከብርጭቆ ማስቀመጫ ውስጠኛ ገጽ ላይ ይለጠፉና ከጀርባቸው ቀለም ይቀባል፤ ከውጭ ሲታይ የሸክላ ጌጥ ዕቃ ይመስላል። በዚህ መንገድ ብርጭቆው ራሱ ለሥዕሉ ቫርኒሽ ይሆንለታል። ጉድለቱ በማስቀመጫው ውስጥ ውሃ ማድረግ አለመቻሉ ነው፤ ለዝርግ ሳህን ግን ጀርባው ስለሆነ ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም።

ሁለተኛው ሥራ

የቀድሞውን ልባስ ማስወገድ አላስቸገረም፤ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አንድ ሰዓት ሲቆይ በራሱ ተነሣ። ሰባቱንም ዕቃዎች በሳሙና አጥቤ፣ በውሃው መጋረጃ ፈትሼ፣ በአልኮል ጠርጌ ከዚያ ወዲያ በባዶ እጅ አልነካኋቸውም። ኮላውንም ለብርጭቆ በተዘጋጀ አክሪሊክ ማጣበቂያ ለወጥኩት፤ አልኮሉና ጊዜው ፒቪኤውንም እንደሚያቆሙት አይቻለሁ፤ ነገር ግን ዘወትር ውሃ በሚነካ ዕቃ ላይ ውሃ የሚያለሰልሰውን መተው ይሻላል።

አበቦቹን በመቀስ አልቆረጥኳቸውም። በውሃ በራሰ ቀጭን ብሩሽ ዙሪያቸውን አስምሬ፣ እርጥቡን መስመር ተከትዬ በጣት ቀደድኳቸው፤ የተቀደደ ጠርዝ እየሳሳ ስለሚያልቅ በብርጭቆው ላይ መጀመሪያና መጨረሻው አይታወቅም። በሁለቱ ማስቀመጫዎች ላይ አስቀድሜ በስፖንጅ ነጭ ቀለም መትቼ አንድ ቀን አደረቅሁ፤ ሁለቱን ብርሃን እንዲያልፍባቸው ያለ ነጭ ተውኳቸው። ከለጠፍኩ በኋላ አንድ ሙሉ ቀን ጠብቄ፣ ቫርኒሹን ሦስት ጊዜ በስሱ ደረብኩ፤ በየመካከሉም የእጄን ጀርባ አስጠግቼ እነካው ነበር። ገጹ ቀዝቀዝ ካለ ውሃ ገና እየተነነ ነውና ቀጣዩ ቫርኒሽ ይቆያል። ይህን ሳልጠብቅ ደርቤ ቢሆን ኖሮ እርጥበቱን እዚያው እቀብረው ነበር።

በመጠጫ ብርጭቆዎቹ ላይ ጌጡን ከአፋቸው 3 ሴንቲሜትር ዝቅ አድርጌ ጀመርኩ፤ ከንፈር የሚነካው ቦታ ከማጣበቂያና ከቀለም ነጻ መሆን አለበት፤ ውጫቸው በቀለም ያጌጠ ብርጭቆዎች ሲመረመሩም የአፍ አካባቢ ተብሎ የሚለየው የላይኛው 20 ሚሊሜትር ነው። አክስቴ ሻማ ማብሪያ ቢያደርጓቸው ምን እንደሚመስለኝ ጠይቀውኝ ነበር፤ አልተስማማሁም። ጠባብ ብርጭቆ ግድግዳው በነበልባሉ ይግላል፤ በላዩ ያለው ወረቀትና ቫርኒሽ ደግሞ የሚቃጠል ነገር ነው።

ዕቃዎቹን መልሼ የሰጠኋቸው ከአራት ሳምንት በኋላ ነው። «ጥፋቱ የእርስዎ አልነበረም» ብዬ አሻራውንና ጠርሙሶቹን አሳየኋቸው። ጠርሙሶቹን እያገላበጡ ለረጅም ጊዜ ተመለከቷቸውና «ታዲያ ስፖንጁን ልጠቀም?» አሉኝ። በለስላሳው በኩል፣ ለብ ባለ ውሃ፣ ሳይዘፈዝፉ፣ ወዲያው አድርቀው እንዲጠቀሙ ነገርኳቸው፤ በዕቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ እንዳይገቡም አደራ አልኳቸው።

ይህን ስጽፍ ሰባት ወር ሆኗል። ሳህኑና ሦስቱ ብርጭቆዎች እንደነበሩ ናቸው፤ ከማስቀመጫዎቹም ሦስቱ እንዲሁ። አራተኛው ላይ፣ ነጭ ቀለም ከተቀቡት በአንዱ፣ ግርጌው ዘንድ አንድ ሴንቲሜትር የሚያህል ጠርዝ ነጣ ብሏል። በመነጽር ሳየው ቫርኒሹ በዚያ ቦታ ከቅጠሉ ጫፍ አልፎ አልወጣም። አሁን ከጠረጴዛዬ ላይ አፉን ወደ ታች ተደፍቶ እየደረቀ ነው፤ ነጩ ሲጠፋ ዙሪያውን በአልኮል ጠርጌ ያችን ጠርዝ እዘጋታለሁ።